ላልታሰበ አዳር የቢሮ ስንቅ

በዛሬው ጽሑፋችን ከሥራ ወደ ቤት መመለስ ሳይቻል ቀርቶ ቢሮ ማደር ግድ ሲሆን ጤናችንን እንዴት እንደምንጠብቅ እንመለከታለን። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ “አንድ ሌሊት ነው፣ እንደምንም ይነጋል” እንላለን። ለብዙዎቻችን እውነትም ይነጋል። በየቀኑ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ሕፃን ለምታጠባ እናት፣ አስም ላለበት ሠራተኛ፣ ወባ ባለበት አካባቢ ያለ አጎበር ለሚተኛ እንግዳ ግን ያቺ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ልታስገባ ትችላለች።

ለአብነት ቁንዝላን እንውሰድ። ቁንዝላ በሰሜን አቸፈር ወረዳ፣ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው በየብስ በዱርቤቴ በኩል አልያም በሐይቁ ላይ በጀልባ ይደርስባታል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጠዋት ጸጥ ብሎ የዋለው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል። ከባሕር ዳር ተነስቶ በደቅ ደሴት በኩል ጎርጎራ ይደርስ የነበረው መርከብ ጉዞውን በአንድ ቀን ስለማይጨርስ ቁንዝላ ላይ ያድር ነበር። የመርከቡ ተሳፋሪ ግን እንደሚያድር አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ስንቁንና ጋቢውን ይዞ ይሳፈራል።

የቢሮ ሠራተኛው ነገር ከዚህ ይለያል። ጠዋት ስልኩንና ቁልፉን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚያስተምር መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ለክትትል ከክልል ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ማታ ቤቱ እንደሚገባ እርግጠኛ ነው። የመጨረሻው መኪና ሲያመልጠው፣ ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው፣ ጀልባው በማዕበል ምክንያት ሳይነሳ ሲቀር፣ የሰዓት እላፊ ሲደርስበት ግን ባለበት ያድራል። መንገዱ ሰላም ሆኖም ሥራው ራሱ የሚያሳድርበት ጊዜ አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የፋይናንስ ሠራተኞች በዚያ ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት ሒሳብ ሲያስታርቁ ማምሸታቸው የተለመደ ነው። ሰኔ ደግሞ ክረምቱ የሚገባበት ወር ነው።

ይህ የቁንዝላ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በየወረዳው፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊገጥመው ይችላል። እንዲህ ያለው አዳር ጤናችንን የሚጎዳው በአብዛኛው በአራት መንገድ ነው። እነሱም ቤት የቀረ መድኃኒት፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃና የምግብ እጦት፣ የወባ ትንኝ እንዲሁም በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል ናቸው። አራቱንም አስቀድሞ በተዘጋጀች አንዲት ቦርሳ መከላከል ይቻላል።

ከሁሉ በፊት መድኃኒት

ቦርሳውን ስናዘጋጅ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ብስኩትና ብርድ ልብስ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ግን አንድ ሌሊት ጦሙን ቢያድር ብዙም አይጎዳም። አንድ ሌሊት መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ሊጎዳ የሚችል ሰው አለ። ስለዚህ በቅድሚያ ራስዎን የሚጠይቁት “ማታ ወይም ጠዋት ሳልወስድ የማላልፈው መድኃኒት አለኝ?” ብለው ነው።

የስኳር ሕመም ያለበትና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የማታውን መጠን ሲዘልል የደም ስኳሩ እስኪነጋ ድረስ ከፍ ሊል ይችላል። በተለይ በወጣትነት የጀመረውና ያለ ኢንሱሊን የማይኖረው ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው “ምግብ ስላልበላሁ አልወጋም” ብሎ ሙሉ በሙሉ መተው የለበትም። መጠኑን እንዴት እንደሚያስተካክል ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ከባድ የውኃ ጥም፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም እንዲሁም ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ኢንሱሊን ግን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ለወራት ሊቀመጥ አይችልም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፍሪጅ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለበትም። በአገልግሎት ላይ ያለው ደግሞ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚጠቀም ሰው መድኃኒቱን ጠዋት ከቤት ሲወጣ አብሮት ቢይዝ ይሻላል። ቢሮው ውስጥ የሚያስቀምጠው መርፌ፣ የስኳር መለኪያና ስኳር ይሆናል።

ስኳሩን ያለ ምክንያት አልጠቀስኩም። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላሚድ ያለ እንክብል ወስዶ እራቱን ያልበላ ሰው የደም ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱን የሥራ ባልደረቦቹ የሰከረ ሊመስላቸው ይችላል። ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ደግሞ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ እንዲበላ ማድረግ ነው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። እራት መብላቱን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ግሊበንክላሚድን በባዶ ሆዱ አይውሰድ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በእንዲህ ያለ ሌሊት ድርብ አደጋ ያጋጥመዋል። መድኃኒቱን ማቋረጡ አንድ አደጋ ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በተለይ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ማቋረጥ የለበትም። ሕመሙ ከተነሳበት በዙሪያው ያሉ ወንበሮችንና ሹል ነገሮችን አርቁለት፤ በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት። በአፉ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ጥቅም የለውም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ጥሩ።

የደም ግፊት መድኃኒት አንድ ቀን ቢቀር ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ አደጋ አያመጣም። ቢሆንም ሌሊቱ የጭንቀት፣ የብርድና የእንቅልፍ እጦት ሌሊት ስለሚሆን ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉ የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ሊጎዱ ይችላሉ። የዘለሉትን መድኃኒት ትዝ ሲልዎት ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የዘለሉትን ትተው በመደበኛው ይቀጥሉ። ለማካካስ ብሎ ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ አይገባም። የባልደረባን የግፊት ወይም የስኳር እንክብል ተበድሮ መዋጥም እንዲሁ። በሽታው አንድ ዓይነት ቢሆን መድኃኒቱና መጠኑ ይለያያል።

አስም ያለበት ሰው በአፍ የሚሳበውን ሳልቡታሞል ሁልጊዜ አጠገቡ ሊያደርግ ይገባል። አስም ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። የቆየ የፋይል አቧራ፣ የከሰል ጭስ፣ የትንኝ ማጨሻና ብርድ ሁሉም ይቀሰቅሱታል። መድኃኒቱን ስቦ ካልተሻለው፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖቻችንን የሚያስቸግራቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ እንኳ ባልደረባ ያየኛል ብለው የማታውን የሚዘሉ አሉ። ጥቂት እንክብል በትንሽ የግል ቦርሳ፣ በሚቆለፍ መሳቢያ ማስቀመጥ ይቻላል። ለመዋጥ አንድ ብርጭቆ ውኃና ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ለማንም መግለጫ መስጠት አያስፈልግም። ሰዓቱ ካለፈም ትዝ ሲል መውሰድ እንጂ “ዛሬስ አልፏል” ብሎ መተው አይገባም። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴትም በተመሳሳይ ትዝ ባላት ጊዜ ትውሰድ።

መድኃኒቱን እንዴት እናስቀምጥ? የ3 ቀን መጠን ይበቃል። ከእነ ማሸጊያው፣ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን እንደሚነበብ ሆኖ ይቀመጥ። ልቅ እንክብሎችን በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ማታ በመብራት እጦት ጊዜ ያሳስታል። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥ። አዲስ መድኃኒት ከፋርማሲ ባመጡ ቁጥር የቦርሳውን ወደ ቤት ወስደው ይጠቀሙ፤ አዲሱን በቦርሳው ይተኩ። እንዲህ ሲደረግ ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት አይኖርም። ከመድኃኒቱ ጋር ስምዎ፣ ሕመምዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይኑር። ራስዎን ቢስቱ የሚናገርልዎ ያ ወረቀት ነው።

ውኃና ምግብ

ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 3 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃዋል። የታሸገ ውኃ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ መሳቢያ ሥር ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ ነው። ከሌለ የቧንቧውን ወይም የጀሪካኑን ውኃ አክሞ መጠጣት ይገባል። የሐይቁን ውኃ በቀጥታ መጠጣት ግን ተቅማጥና ሌሎች ውኃ ወለድ በሽታዎችን ያመጣል። በጣና ዳር ባሉ አካባቢዎች ብልሐርዚያም ስላለ በሐይቁ ዳር ረጋ ባለው ውኃ ውስጥ መታጠብ አይመከርም። ብልሐርዚያ የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው።

ውኃን ለማከም አስተማማኙ ዘዴ ማፍላት ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው። ከተንተከተከ በኋላ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። እንደ ውኃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ ከተጠቀሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቀው፣ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል። ሁለት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. ቢጨመር ቦታ አይፈጅም፤ ተቅማጥ የያዘውን ሰው እስኪነጋ ያቆየዋል።

ስለ ምግቡ አገራችን ብዙ ታውቃለች። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ እሳት ሳይፈልጉ፣ ሳይበላሹ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ በጾም ጊዜም ይበላሉ። አንድ ኩባያ በሶ በውኃ ተበጥብጦ ለአንድ ሌሊት እራት ይሆናል። ከገበያ ብስኩት እነዚህ ይሻላሉ፤ በተለይ ለስኳር ታማሚ። ጥርሱ የማያኝክለት ሰው ከቆሎ ይልቅ በሶውን ይያዝ። የደም ግፊት ያለበት በበሶው ላይ ጨው አያብዛ። እርጥበት እንዳይገባ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ፤ ሽታው የተለወጠና ሻጋታ የያዘ ምግብ ይጣል። ጠዋት የተሠራ ወጥ ግን በቢሮ ሙቀት ውሎ ማታ ሲበላ የምግብ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

አንዲት ትንኝ፣ አንድ ሌሊት

በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው ወባ የሚገኝባቸው ናቸው። የጣና ዳርቻ ከዚህ በታች ነው። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የሚጥለው ዝናብም ተከትሎት የሚመጣ ወባ አለ።

የአካባቢው ነዋሪ ቤቱ ውስጥ አጎበር ሰቅሏል። ቢሮ ውስጥ ግን አጎበር የለም። ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረ አንድ አጎበርና ጥቂት ሜትር ሲባጎ በቦርሳው ይኑር። በመስኮት እጀታ፣ በፋይል መደርደሪያና በወንበር ጀርባ አራቱን ጥግ ማሰር ይቻላል፤ ጠርዙ ከፍራሹ ወይም ከምንጣፉ ሥር ይታጠፍ። አጎበር ከሌለ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይረዳሉ። መብራት ከጠፋ ሻማን አጎበር አጠገብ ማብራት ለቃጠሎ ይዳርጋል፤ የእጅ ባትሪ ይያዙ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ያለው ጉዳይ ይበልጥ ይታሰብበት። ወባ በተነደፉ ማግሥት አያሳምም፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን በኋላ እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ወራት ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ቁንዝላ አድሮ አዲስ አበባ የተመለሰ ባለሙያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያተኩሰውና ሲያንዘፈዝፈው ጉንፋን ነው ብሎ ሊተኛ ይችላል። ወባ እምብዛም በማይታይበት ከተማ የሚያክመው ሐኪምም ካልተነገረው ወባን ላይጠረጥር ይችላል። ትኩሳት ከያዘዎት በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ፤ “ከሁለት ሳምንት በፊት ጣና ዳር አድሬ ነበር” ብለው ሳይጠየቁ ይንገሩ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።

ብርዱና ከሰሉ

ቀን የሞቀው የጣና ዳርቻ ሌሊት ከሐይቁ በሚነሳ ነፋስ ይቀዘቅዛል። የሲሚንቶ ወለል ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ይስባል። ባለበት ያደረ ሠራተኛ የጥበቃ ሠራተኛውን ማንደጃ ለምኖ ክፍሉ ውስጥ ያስገባል፤ ነፋስ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። እኔ ከአራቱ አደጋዎች ሁሉ በጣም የምፈራው ይህንን ነው፤ ሌሎቹ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ይህኛው ግን በዚያው ሌሊት ይገድላል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ሊይዝ የሚገባውን ቦታ ይቀማል፤ አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ። ብዙ ሰው “ጭሱ እስኪወጣለት ውጭ አቀጣጥለነዋል፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው” ሲል ይሰማል። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። በማንደጃው ላይ ውኃ መጣድም ጋዙን አያስቀረውም። ጄኔሬተርን በክፍል ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር ማስነሳትም ያው ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል ነው። አብረው ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ የተኛውን ቀስቅሱ፤ ካልነቃ ጎትታችሁ አውጡ። ከዚያ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት። ቡና ወይም ወተት ማጠጣት ጋዙን አያስወጣም።

ስለዚህ ለብርዱ መፍትሔው ልብስ ነው። አንድ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና ኮፍያ ይበቃሉ። ከሥር ካርቶን ወይም ብዙ ጋዜጣ አንጥፎ መተኛት ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ይበልጥ ያሞቃል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደር ግድ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ ጥቂት መራመድና እግርን ከፍ ማድረግ ደም በእግር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። ይህ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ሰዎች ይጠቅማል።

ለምታጠባ እናት

የሠራተኛ ሕጋችን ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ዕረፍት ይሰጣል። የጤና ምክሩ ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው። በዚህ መካከል ገና ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ ሥራ የምትውል እናት ብዙ ናት። አንድ ሌሊት ሳትመለስ ብታድር ልጁም እሷም ይቸገራሉ።

ለልጁ የሚሆነው መፍትሔ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ነው። ታልቦ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ የተቀመጠ የእናት ጡት ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ልጁን የምትጠብቀው ሰው በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ መስጠት ብትለማመድ መልካም ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ልጁን ለጊዜው ማን ሊያጠባው ወይም ምን ሊሰጠው እንደሚችል ከጤና ባለሙያ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

ለእናቲቱ ደግሞ በየ3 እና 4 ሰዓቱ እጇን ታጥባ ጡቷን ማለብ አለባት። ካልታለበ ጡቱ ይወጠራል፣ ያማል፣ ወደ ኢንፌክሽን ሊያመራ ይችላል፤ ወተቱም ይቀንሳል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ወተቱ እንዲወርድ ይረዳል። ማስቀመጫ ከሌላት ወተቱን መድፋቷ ያሳዝናል፤ ሆኖም መታለቡ አይቀሬ ነው። ጡቱ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣባት ጠዋት ሐኪም ትይ። ለሁሉም ሴት ሠራተኞች ቦርሳው የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስና ቅያሪ የውስጥ ልብስ ሊኖረው ይገባል።

የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ

እስካሁን የተናገርነው በየግል የሚዘጋጀውን ነው። ጃፓኖች ግን ጉዳዩን የመሥሪያ ቤትም ኃላፊነት አድርገውታል። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀን በቶኪዮና በአካባቢዋ ባቡሮች ስለቆሙ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቤታቸው መግባት አልቻሉም። ብዙዎች በእግር ጉዞ ጀመሩ፤ ሌሎች በየቢሮው አደሩ። የቶኪዮ አስተዳደር ከዚያ ተምሮ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ አወጣ። ደንቡ መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የ3 ቀን ስንቅ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። መነሻው በቀን 3 ሊትር በድምሩ 9 ሊትር ውኃ፣ 9 ጊዜ የሚበላ ምግብና አንድ ብርድ ልብስ ነው። የደንቡ ዋና ሐሳብ አደጋ ባለበት ምሽት መንገድ ከመጀመር ባለበት ማደር ይሻላል የሚል ነው።

እኛ የ3 ቀን ስንቅ ባንችል የአንድ ሌሊት እንችላለን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሁለት ጀሪካን የታከመ ውኃ፣ ጥቂት አጎበሮች፣ የተሟላ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን፣ የእጅ ባትሪና የሚቆለፍ ንጹሕ መጸዳጃ ማዘጋጀት አያቅተውም። ሣጥኑ ውስጥ ጓንት፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞልና ኦ.አር.ኤስ. ይኑሩ። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ስልክና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ 907 በግድግዳ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ወንድና ሴት ሠራተኞች የሚያድሩበት ክፍልም የተለያየና ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን።

ሲነጋ

ቢሮ ያደረ ሰው ጠዋት ወደ ቤቱ ለመድረስ ይቸኩላል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ መጠጥ እንደቀመሰ ሰው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ሌሊቱን ያልተኙ ከሆነ መኪናም ሞተር ሳይክልም አይንዱ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሸልቡ ወይም ሌላ ሰው ይንዳ። የጠዋቱን መድኃኒት በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ቁርስ ይቅመሱ። በዚያው ዕለት ደግሞ ከቦርሳው የወጣውን ሁሉ ይተኩ፤ ነገ ብለው ካቆዩት ይረሳል።

ቦርሳውን በአጭሩ

ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ የ3 ቀን መድኃኒትና የሕመምዎ መረጃ ያለበት ወረቀት፣ 3 ሊትር ውኃ ወይም የውኃ ማከሚያ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ አንድ እፍኝ ስኳር፣ ሁለት ኦ.አር.ኤስ.፣ አጎበርና ሲባጎ፣ ጋቢና ካልሲ፣ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ ወይም መፋቂያ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ለሴቶች ሞዴስ። መነጽር የሚያደርግ ሰው የቆየውን መነጽሩን ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። አብዛኛው ነገር በየቤታችን ያለ ነው።

በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ መጀመሪያ ቦርሳውን ከፍተው የመድኃኒቱን ቀን፣ የበሶውን ሽታና የባትሪውን ድንጋይ ይመልከቱ። አባቶቻችን “ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ” ይላሉ። በዚህ ሳምንት ከሁሉ በፊት መድኃኒቱን ይጀምሩ፤ የቀረውን ቀስ በቀስ ይጨምሩበት። መድኃኒት የማይወስዱ ከሆነም በቢሮዎ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ባልደረባ ካለና ራሱ ከነገረዎት፣ ሲያመው ምን ማድረግ እንዳለብዎ ዛሬውኑ ይጠይቁት።